በአንገት ላይ ስለሚከፈት የትንፋሽ በር

የሰው ልጅ ያለ ምግብ ብዙ ቀን፥ ያለ ውሃም ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ያለ ትንፋሽ ግን የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን ትንፋሽ የሚያልፍበት መንገድ በላይ በኩል በተዘጋ ጊዜ፥ ሐኪም በአንገት ፊት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ ቱቦ በማግባት ነፍስ እንደሚያድን፥ ከዚያም በኋላ ያ ቱቦ በቤት ውስጥ እንደ ምን ተደርጎ እንደሚጠበቅ የሚያውቅ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። ይህ ነገር በ2016 ዓ.ም. አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ቤታችን ገብቶ አምስት ወር ያህል አብሮን ስለ ኖረ፥ ያየነውንና ከሐኪሞች የሰማነውን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ለመጻፍ ወደድን።

ሥራው በሐኪሞች ቋንቋ ትራኪዮስቶሚ ይባላል። ስሙ ከግሪክ የመጣ ሲሆን፥ ለትንፋሽ ቧንቧ አፍ ማበጀት እንደ ማለት ነው። በአገራችን የጉሮሮ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው እንጥል መቁረጥን ነው፤ ይህ ግን ከዚያ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። እንጥል መቁረጥ ጥቅም የሌለው፥ ሕፃናትን ለደም መፍሰስና ለመመርቀዝ አሳልፎ የሚሰጥ ልማድ ነው። ትራኪዮስቶሚ ግን መንገድ የጠፋበትን ትንፋሽ በሌላ መንገድ የሚያስገባ ነው።

በአንገታችን ውስጥ ሁለት መንገድ አለ። በኋላ በኩል ያለው ምግብና ውሃ ወደ ሆድ የሚወርድበት ነው፤ በፊት በኩል ያለው፥ በጣት ቢዳስሱት የሚሻክረው፥ አየር ወደ ሳንባ የሚገባበት ቧንቧ ነው። የዚህ ቧንቧ ርዝመት በአዋቂ ሰው ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ እንዳይጣበቅ ብለው ከ16 እስከ 20 የሚሆኑ፥ እንደ ፈረስ ጫማ የጎበጡ፥ የለስላሳ አጥንት ቀለበቶች ደግፈው ይዘውታል። በራሱ ላይ ማንቁርት ተቀምጧል። በማንቁርቱ ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ ክሮች ስንናገር ይገናኛሉ፥ ስንተነፍስ ይራራቃሉ። ሐኪሙ በሩን የሚከፍተው ከማንቁርት በታች፥ ብዙ ጊዜ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀለበት መካከል ነው። እንግዲህ አየሩ ወደ ድምፅ ክሮች ሳይደርስ በአንገት ስለሚገባና ስለሚወጣ፥ ሰውዬው ይተነፍሳል፥ ድምፅ ግን አይኖረውም። ማንቁርቱ ተቆርጦ ወጣ ማለት አይደለም። በነቀርሳ ምክንያት ማንቁርታቸው የሚወጣላቸው ሰዎች አሉ፤ የእነዚያ በር ለዕድሜ ልክ ነው፥ ጉዳዩም ሌላ ነው።

ስለ ጉሮሮ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ጣልቃ እናግባ። ከቤታችን በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬደው በአምስት ኪሎው ብሔራዊ ቤተ መዘክር፥ ሰላም የተባለችው የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን ቅሪተ አካል ትጠበቃለች። በአፋር ምድር በዲኪካ፥ በ2000 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር፥ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራ ቡድን ያገኛት ናት። ሊቃውንቱን እጅግ ካስደነቋቸው ነገሮች አንዱ፥ ከምላስ ሥር ያለችው፥ ማንቁርትም የሚንጠለጠልባት ቀጭን አጥንት ሳትጠፋ መገኘቷ ነው፤ ይህች አጥንት ስስ በመሆኗ በመሬት ውስጥ ተጠብቃ መቆየቷ ብርቅ ነውና። መልኳም ከሰው ይልቅ የቺምፓንዚንና የጎሬላን ትመስላለች አሉ። ልጆቻችንን ይዘን ወደዚያ ቤት በገባን ቁጥር፥ የዚያች ሕፃን ድምፅ ምን ይመስል ነበር ብለው ይጠይቁናል።

ወደ ቤታችን ነገር እንመለስ። የአባታችን እኅት፥ እኛን ያሳደጉን፥ በደብረ ማርቆስ አጠገብ ተወልደው በአዲስ አበባ የሸመገሉ፥ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንቅርት ነበረባቸው። በእንቅርቱ ላይ ያደርቀዋል ተብሎ በልጅነታቸው የተነቀሱት ንቅሳት እስከ ዛሬ አለ፤ ሦስት ረድፍ ሆኖ አንገታቸውን ይዞራል። ንቅሳቱ ጌጥ እንጂ መድኃኒት አልሆነም። የእንቅርት ምክንያቱ በደጋው አገር ዝናብ አፈሩን እያጠበ አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ይዞ ስለሚሄድ፥ በአንገት ያለው ታይሮይድ የተባለው ዕጢ የሚፈልገውን ሲያጣ እያበጠ መሄዱ ነው። ስለዚህም ነገር በ2011 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ቁጥር 204 ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ታዟል። በአገራችን ከሚበላው ጨው ብዙው ከአፋር ከአፍዴራ የሚመጣ ነው። አዮዲን በአየርና በፀሐይ ስለሚተን ጨዉን በክዳን መክደን፥ ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል መጨመር ይገባል። ነገር ግን አርባና አምሳ ዓመት ያደገን እንቅርት ጨው አይመልሰውም።

የአክስታችን እንቅርት ቧንቧቸውን ወደ ጎን ገፍቶ በጀርባ መተኛት ከከለከላቸው በኋላ በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በኦፕራሲዮን ወጣ። ሐኪሙ አስቀድሞ ሁሉን ነግሮን ነበር። በዕጢው ጀርባ የድምፅ ክሮችን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ቀጫጭን ነርቮች ያልፋሉ፤ የግራው ነርቭ ወደ ደረት ወርዶ በትልቁ የደም ሥር ሥር ተጠምዞ ተመልሶ ወደ ላይ የሚወጣ ነው። የጥንቱ ሐኪም ገሌኖስ በሮም ከተማ በሕዝብ ፊት የሚጮኸውን እሪያ እነዚህን ነርቮች ቢቆርጥበት እሪያው አፉን እንደ ከፈተ ድምፁ ጠፋ ይባላል። እንግዲህ ትልቅ እንቅርት ሲወጣ ነርቮቹ ባይቆረጡም እንኳ ሊጎዱ፥ ለጊዜውም ሥራቸውን ሊተዉ ይችላሉ። ሁለቱ በአንድነት ከደከሙ የድምፅ ክሮቹ እንደ ተዘጋ መጋረጃ መካከል ላይ ይቆማሉ። በአክስታችን የሆነው ይህ ነው። ከኦፕራሲዮኑ ሲነቁ አየር ሲስቡ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ከንፈራቸውም ጠቆረ፤ በዚያው ሌሊት በአንገታቸው በር ተከፈተ።

በማግሥቱ ወሬው ወደ ሰፈር ደረሰ። የእድር ሴቶች «ጉሮሮዋን ቀደዱት» እያሉ መጡ። ከመካከላቸውም አንዲት ባልቴት፥ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አሉ፤ ተረቱ እንዲህ በቁሙ የተፈጸመበት ቤት ያለ አይመስለንም። የአክስታችን ልጅ ግን ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ለቅሶው ቀነሰ።

ይህ ጥበብ የትናንት አይደለም። ብራሳቮላ የተባለ የጣልያን ሐኪም በ1546 በጉሮሮ እባጭ ሊሞት የነበረን ሰው በዚህ መንገድ እንዳዳነ ተጽፏል። ይሁን እንጂ ሐኪሞች ብዙ ዘመን ሲፈሩት ኖረዋል። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1799 ዲሴምበር 14 ቀን ጉሮሮው አብጦ ሲሞት፥ በአጠገቡ ከነበሩት ሦስት ሐኪሞች በዕድሜ የሚያንሰው ይህ በር ይከፈት ብሎ ነበር፤ ታላላቆቹ ግን አልተቀበሉትም። በሚከተለው መቶ ዓመት ትሩሶ የተባለ የፓሪስ ሐኪም ዲፍቴሪያ በተባለው ጉሮሮ ዘጊ በሽታ የሚታነቁ ብዙ ሕፃናትን በዚህ ሥራ አዳነ፤ ያ በሽታ ዛሬ በክትባት የሚከለከል ሆኗል። በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ደግሞ ኢብሰን የተባለው ሐኪም ትንፋሽ ያጡትን በሽተኞች በአንገታቸው ቱቦ አግብቶ፥ 1500 ያህል ተማሪዎች በየተራ ሌሊትና ቀን ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ እንዲያስተነፍሷቸው አደረገ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚባለው ከዚያ የተወለደ ነው። እነዚህን ሁሉ ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ይወቅልን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አክስታችን ከሐኪም ቤት ሲወጡ የተሰጠን የአጠባበቅ ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበረ። በቤቱ ውስጥ ከሚያስታምሙት አብዛኞቹ እንግሊዝኛ አያነቡም። ሥራችን በፍርድ ቤት የሰውን ቃል መጻፍ ስለ ሆነ፥ ነርሷ በአፍ ካስረዳችን ጋር እያስተያየን በአማርኛ በትልልቁ ጽፈን ከአልጋው በላይ ለጠፍነው። እንዲህ ያለ ወረቀት በሕመምተኛው ቋንቋ አለመሰጠቱ ያሳዝነናል፤ መድኃኒት ሳይነበብ አይወሰድምና።

ቱቦው በቱቦ ውስጥ ያለ ቱቦ ነው። የውጭው በአንገት ላይ በጨርቅ ማሰሪያ ታስሮ ይቆያል፤ የውስጡ ግን እየወጣ ይታጠባል፥ ይመለሳል። የመጀመሪያውን ለውጥ ሐኪሙ ራሱ ነው የሚያደርገው፤ መንገዱ እስኪጠና ድረስ ቱቦው ቢወጣ ቀዳዳው ይዘጋል። ማሰሪያው ጠብቆ እንዳያንቅ፥ ላልቶም ቱቦው እንዳይወጣ፥ በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል አንዲት ጣት የምታልፍበትን ያህል ይታሰራል። የውስጡን ቱቦ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ፥ አክታ በበዛበት ቀን ከዚያም በላይ፥ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ እናጥበው ነበር። ከዚህ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው። በአልጋው አጠገብ ልኩ የሆነ አንድ፥ ከዚያም በአንድ ቁጥር የሚያንስ ሌላ አንድ ትርፍ ቱቦ በንጹሕ ዕቃ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል።

አፍንጫ ለምን እንደ ተፈጠረ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። አፍንጫ አየሩን ያሞቀዋል፥ ያረጥበዋል፥ ትቢያውንም ያጣራል፤ በአንገት የሚገባ አየር ግን ደረቅና ቀዝቃዛ እንደ ሆነ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ስለዚህ አክታው ይወፍራል፥ ይደርቃልም። በዚያ ዓመት በመጋቢት በፒያሳና በአራት ኪሎ በኩል የመንገድና የሕንፃ ሥራ ተጀምሮ ስለ ነበር አቧራው እስከ እኛ ይመጣ ነበር። መስኮቱን ዘግተን፥ በቱቦው ፊት እርጥብ ስስ ሻሽ አንጠልጥለን፥ ሻሹም ሲደርቅ እየለወጥን ከረምን። ጥጥና የሚነጭ ነጠላ በቱቦው ፊት አይቀርብም፤ ትንፋሹ ክሩን ይስበዋል። ለአክስታችን ከሁሉ የከበደው ግን የቡና ነገር ነው። ከሰሉ፥ የቡናው ቁሌት ጭስ፥ ዕጣኑም ሁሉ ተከለከለ። እርሳቸው በዕድሜያቸው ያለ ዕጣን ቡና ጠጥተው አያውቁም። ቡናው በጓሮ ተቆልቶ ሲገባላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ጠጡ። በርበሬ የሚደለዝበትንም ቀን ጎረቤቶች አስቀድመው ይነግሩን ጀመር።

መብላትና መጠጣት አልተከለከሉም። ቀና ብለው ተቀምጠው፥ ጥቂት ጥቂት እየጎረሱ፥ ሳይቸኩሉ። ዐቢይ ጾም ስለ ነበር ሽሮና አጃ ይበቃቸዋል። ከድምፅ ማጣት ሁሉ እጅግ የሚያስጨንቀው ሌሊት ሰው መጥራት አለመቻል ነው። ስለዚህ ዲያቆናት በቅዳሴ እንደሚያቃጭሉት ያለ ትንሽ ቃጭል አንድ ዲያቆን ጎረቤታችን አዋሰን፤ አንድ ጊዜ ሲያቃጭሉ ውሃ፥ ሁለት ጊዜ ሲያቃጭሉ አክታ፥ ያለ ማቋረጥ ሲያቃጭሉ ቶሎ ድረሱ ማለት ሆነ። ደግሞም በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ በመሆናቸው፥ ከልጆቻችን ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ተቀበሉ። የመጀመሪያው ጽሕፈታቸው «ወጡ ጨው አነሰው» የሚል ነበር። ሁለተኛውን ስንጽፍ አንደሰትም፤ «ድምፄ ሞቷል ወይ» ይላል። ሐኪሙ በሚቀጥለው ቀጠሮ፥ «እማማ፥ ነርቭዎ ደክሟል እንጂ አልተቆረጠም፤ ጥቂት ወራት እንጠብቀው» አላቸው። እርግጠኛ ነኝ አላለም። እኛም ከዚያ የበለጠ ተስፋ አልሰጠናቸውም።

በሚያዝያ መጀመሪያ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። አክታ የሚመጠጠው በኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ቀጭኗ ቱቦ ሳትስብ ትገባለች፥ ስትወጣ ብቻ ትስባለች፥ ይህም ሁሉ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ መብለጥ የለበትም፤ በዚያ ጊዜ በሽተኛው አይተነፍስምና። መኪናው ዝም ባለ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቃጭሉ ያለ ማቋረጥ ጮኸ። ብንደርስ አክስታችን ቀና ብለው ተቀምጠው፥ ላብ አጥምቋቸው፥ ከቱቦው እንደ ቀጭን ዋሽንት ያለ ድምፅ ይወጣል። የአክስታችን ልጅ በሻማ ብርሃን የውስጡን ቱቦ ፈታ አወጣችው። በውስጡ እንደ ደረቀ ሙጫ የሆነ አክታ ደፍኖታል። የውስጡ ቱቦ ሲወጣ የውጭው ክፍት ሆነ፥ አየሩም በአንድ ጊዜ ገባ፤ እርሳቸውም ሳሉ፥ ከንፈራቸውም ተመለሰ። የታጠበውን ሌላ የውስጥ ቱቦ አገባችላቸው። ይህ ሁሉ የሆነው መጽሐፍ አንድ ገጽ በሚነበብበት ጊዜ ነው። በማግሥቱ በእግር እየተረገጠ የሚመጥ መሣሪያ ፈልገን ገዛን፤ ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ አልደነገጥንም። የውስጡ ቱቦ ወጥቶ ትንፋሽ ካልተመለሰ፥ መምጠጫይቱም አላልፍ ካለች፥ ወይም ከቱቦው ቀይ ደም በብዛት ከመጣ፥ ጊዜ ሳይፈጁ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ረዳት ሆኖ የመጣም ሰው ትንፋሽ በአፍ ሳይሆን በአንገት እንደሚሰጥ ይነገረው።

አክስታችን ጸበል ፈለጉ። እንጦጦ ወጥተው ከራሳቸው ላይ ይፈስስላቸው ዘንድ በሰሌዳው ደጋግመው ጻፉ። በአንገቱ በር የሚገባ ውሃ ያለ ማቋረጥ ወደ ሳንባ ይወርዳልና ይህ እጅግ አደገኛ ነው፤ ገላ ሲታጠቡ እንኳ ከደረት በታች ነበር። እምቢ ብንላቸው በእምነታቸው የገባን ይመስላል፥ እሺ ብንላቸውም እናጣቸዋለን። እኛ የቄስ ትምህርት ቤትም የሚሲዮን ትምህርት ቤትም የተማርን በመሆናችን ከሁለቱም ወገን ቃል አላጣንም፤ ነገር ግን ክርክሩ በእኛ አፍ አላለቀም። የንስሐ አባታቸውን ጠርተን ቱቦውን አሳየናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ካሰቡ በኋላ፥ «ጸበሉን ይጠጡት፥ ግንባርዎንም እኔ በእጄ እቀባዎታለሁ፤ እግዚአብሔር በጣት ያህል ውሃ መማር አያቅተውም» አሏቸው። አክስታችንም እሺ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንስሐ አባቱ በየሳምንቱ ይመጡ ነበር።

በሰኔ ወር ሐኪሙ በቀጭን መነጽር ማንቁርታቸውን አይቶ፥ የቀኙ የድምፅ ክር መንቀሳቀስ እንደ ጀመረ ነገረን። በቱቦው ዙሪያ ያለውን የአየር ፊኛ አስለቅቆ በአነስተኛ ቱቦ ከለወጠ በኋላ፥ በንጹሕ ጣታቸው የቱቦውን አፍ ለቅጽበት እንዲደፍኑ አዘዛቸው። ይህን ነገር ማንም በራሱ እንዳይሞክር አጥብቀን እንናገራለን፤ ፊኛው ተነፍቶ ሳለ ቱቦው ቢደፈን አየር መውጫ አጥቶ ሰውዬው ይታፈናል። አክስታችን ደፈኑ፤ አየሩ ወደ ላይ ወጣ፤ ከአራት ወር በኋላ የተሰማው የመጀመሪያ ቃል «ልጄ» የሚል ነው፥ ጎርናና፥ የእርሳቸው የማይመስል። ከዚያ ወዲያ ጣታቸውን ከአንገታቸው ማስነሣት አስቸገረን።

በሐምሌ ቱቦው ቀንና ሌሊት ተከድኖ ትንፋሻቸው ሲጠበቅ ቆይቶ፥ ያለ ችግር ስላለፈ ወጣ። ስፌት አልነበረውም፤ በሻሽ ተሸፍኖ፥ ሲናገሩና ሲስሉ በእጃቸው እየደገፉት፥ ቀዳዳው በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱን ዘጋ። ጠባሳው ከታችኛው የንቅሳት ረድፍ ሥር ተቀምጧል፤ አራተኛ ረድፍ ሆነልኝ ይላሉ። የግራው የድምፅ ክር አልተመለሰም። ዳገት ሲወጡ ይደክማቸዋል፥ ከአምስት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎም ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። በ2017 ዓ.ም. ጥምቀት ጃን ሜዳ ሄደው ታቦታቱ ሲያልፉ እልል ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ድምፅ ለአጠገባቸው ሰው ብቻ የሚሰማ ነበር። በአጠገባቸው የነበርን እኛ ሰማነው። ቃጭሉን በዚያው ሳምንት ለዲያቆኑ መለሱለት።